የከተማ መታደስና የተከራይ ዕጣ

በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር




እንድናገርበት የተመደበልኝ ርእስ የከተሞች ዕድገትና የመሐንዲሱ ድርሻ የሚል ነው። ርእሱ እጅግ ሰፊ በመሆኑና በዕድሜም በሙያም ከእኔ የሚቀድሙ አያሌ ባለሙያዎች በዚህ አዳራሽ ስለሚገኙ፥ ነገሩን ሁሉ ለመዳሰስ አልደፍርም። ጠበብ አድርጌ ስለ አንድ ወገን ብቻ እንድናገር ፈቃዳችሁን እለምናለሁ። ይኸውም አንድ ሰፈር በታደሰ ጊዜ፥ በዚያ ሰፈር በኪራይ ይኖር የነበረው ሰው ወዴት ይሄዳል? የሚለው ጥያቄ ነው።

ጥያቄውን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በደብረ ማርቆስ ከተማ ለአንድ የውስጥ ለውስጥ መንገድ ማስፊያ ችካል እያስተከልሁ ሳለ፥ እንጀራ እየጋገሩ በመሸጥ የሚተዳደሩ አንዲት እናት ከአንድ ግቢ ወጥተው ጥቂት ሲመለከቱን ቆዩና «ልጄ፥ እኔን የጻፋችሁኝ በየትኛው መዝገብ ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። «የቤቱ ባለቤት እርስዎ ነዎት?» ብላቸው፥ «የለም፥ ተከራይ ነኝ። እዚህ ስኖር ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነው» አሉኝ። በእጄ የያዝሁትን ቅጽ ተመለከትሁ። የባለይዞታው ስም፥ የካርታው ቁጥር፥ የሚነካው መሬት ስፋት፥ የቤቱ ዓይነት፥ የአጥሩ ርዝመት፥ የዛፎቹ ብዛት የሚሉ ዐምዶች ነበሩት። በዚያ ግቢ የነበሩትን ባሕር ዛፎች አንድ በአንድ ቈጥረን ጽፈናል። ዐሥራ አንድ ዓመት የኖሩትን ሴት የምንጽፍበት ዐምድ ግን አልነበረንም። «ከባለቤቱ ጋር ይነጋገሩ» ከማለት በቀር የሰጠኋቸው መልስ የለም። ዛሬ የምናገረው ያን ጊዜ ልሰጣቸው ይገባኝ ስለነበረው መልስ ነው።

ነገሩ በእኛ አገር ብቻ የታየ አይደለም። ሩት ግላስ የተባለች በብሪታንያ ትሠራ የነበረች የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ፥ እ.ኤ.አ. በ1964 ስለ ለንደን በጻፈችው ጽሑፍ፥ ሠራተኞች ይኖሩባቸው የነበሩ ሰፈሮች ቀስ በቀስ ገቢያቸው ከፍ ባሉ ሰዎች እየተያዙ መሄዳቸውን ተመልክታ ሁኔታውን «ጄንትሪፊኬሽን» ብላ ሰየመችው። አሮጌዎቹ ቤቶች ይገዛሉ፤ ይታደሳሉ፤ ኪራያቸው ይንራል፤ በመጨረሻም የቀድሞዎቹ ነዋሪዎች አብዛኞቹ ለቅቀው የሰፈሩ ጠባይ ፈጽሞ ይለወጣል። ለዚህ ቃል በአማርኛ የጸና ስም ገና አልወጣለትም፤ ነገሩን ግን ሁላችንም እናውቀዋለን። ልዩነቱ በለንደን ሰፈሩን የለወጠው በአመዛኙ የግል ገዢ ሲሆን፥ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በሆነበት በእኛ አገር ግን መጀመሪያ የሚመጣው ፕላኑ፥ የሊዝ ጨረታውና መንገዱ መሆኑ ነው። ስለሆነም በለንደን የመሐንዲሱ እጅ እምብዛም ባይታይም፥ በእኛ ዘንድ ግን ከመጀመሪያው ችካል ጀምሮ አለበት።

ወደ ዛሬው ሁኔታ እንዴት እንደ ደረስን ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 የተከራዩን ኑሮ በአንድ ቀን ለወጠው። በወር ከ300 ብር በታች የሚከራዩ ቤቶች ኪራያቸው ተቀነሰ፤ ቅናሹም አነስተኛ ኪራይ ለሚከፍሉት እስከ ግማሽ ደርሶ ነበር። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች በቀበሌ እንዲተዳደሩ ተደረገ። ለዚያ ዘመን ድኃ ተከራይ ይህ ታላቅ እፎይታ እንደ ነበረ ሊካድ አይገባም።

ይሁን እንጂ እንደ መሐንዲስ ስንመለከተው ውሳኔው አንድ ጉድለት ነበረበት። ቤት ሠርተውት የሚተዉት ነገር አይደለም፤ በየዓመቱ ምርጊቱ ይታደሳል፥ ቆርቆሮው ይለወጣል፥ ቋሚው ከሥሩ ሲበሰብስ በሌላ ይተካል። ለዘመናት ሳይለወጥ የቆየው የቀበሌ ቤት ኪራይ ይህን ወጪ ሊሸፍን አልቻለም። በዚያም ላይ ከአንድ በላይ መኖሪያ ቤት መያዝ ተከልክሎ ስለ ነበር፥ ለኪራይ የሚሆን አዲስ ቤት በግል የሚሠራ አልነበረም ማለት ይቻላል። ከገጠርም ከሌላ ከተማም የሚመጣው ሰው በደባልነት እየተጠጋ በአሮጌዎቹ ቤቶች ላይ ተደራረበ። ከዚህም የተነሣ ዛሬ «ያረጁና የተጎሳቆሉ» እያልን ለማፍረስ ምልክት የምናደርግባቸው ቤቶች ያረጁት ነዋሪዎቻቸው ግዴለሾች ስለ ነበሩ ሳይሆን፥ ጠጋኝ በጀት ስላልተመደበላቸው ነው።

ከዚያ በኋላ የመሬት ሊዝ ሥርዓት በ1986 ዓ.ም. ተጀመረ፤ አዋጁም በ1994 እና በ2004 ዓ.ም. እንደ ገና ተሻሽሎ ወጣ። መሬት በጨረታ ዋጋ ሲወጣለት፥ በከተማ መካከል ያለ የጭቃ ቤት በድንገት ሁለት ዋጋ ያለው ሆነ፤ አንደኛው ቤቱ ራሱ የሚያወጣው ትንሽ ዋጋ ሲሆን፥ ሁለተኛው ቤቱ ቢነሣ መሬቱ የሚያወጣው ብዙ ዋጋ ነው። በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ያለው ልዩነት እየሰፋ በሄደ መጠን ቤቱ ቆሞ የመኖር ዕድሉ እየጠበበ ይሄዳል። ክፉ ሰው መፈለግ አያስፈልግም፤ ሒሳቡ ብቻውን ይበቃል።

በአዲስ አበባ የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታ፥ ቀጥሎም የልደታና የአራት ኪሎ ነባር ሰፈሮች መፍረስ፥ በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ፥ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በካዛንቺስ የተከናወነው የኮሪደር ልማት ሥራ የከተማዋን መልክ ለውጠውታል። መንገዱ ሰፍቷል፤ የእግረኛው መተላለፊያ አምሯል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ከፈረሰው ግቢ የወጡት ሰዎች ዕጣ አንድ ዓይነት አልነበረም። ባለይዞታው ለንብረቱ ካሳና ምትክ ቦታ ወይም ቤት የመጠየቅ መብት አለው። የቀበሌ ቤት ተከራይም የኮንዶሚኒየም ቤት የመግዛት ወይም ሌላ የመንግሥት ቤት የመከራየት ዕድል ሲሰጠው ቆይቷል፤ ምንም እንኳ አዲሱ ቤት እንደ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ባሉ የከተማ ዳርቻዎች ቢሆን፥ የቅድሚያ ክፍያውም ለብዙዎች ከዐቅም በላይ ቢሆን። ከግለሰብ አንድ ክፍል የተከራየው፥ በቀበሌ ቤት ውስጥ በደባልነት ይኖር የነበረውና በግቢው ጓሮ በተቀጠለች ክፍል የተጠለለው ግን የሚጠይቀው መብት የለውም። ሕጋችን አስቀድሞ የሚጠይቀው የማን ይዞታ ነው ብሎ እንጂ፥ ማን ይኖርበታል ብሎ አይደለም።

እንግዲህ ወደ ደብረ ማርቆስ ልመለስ። ቀድሞ መንቆረር ትባል የነበረችው፥ በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም የተጠራችው ይህች ከተማ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ናት። በእንደዚህ ያለ መካከለኛ ከተማ የነዋሪው መገፋት እንደ አዲስ አበባ በአንድ ሌሊት በዶዘር አይመጣም። ዝግ ብሎ ይመጣል፤ ስለሆነም ማንም አይቈጥረውም።

አመጣጡን በቅደም ተከተል ላስረዳ። ዩኒቨርሲቲው በ1999 ዓ.ም. ማስተማር ጀመረ። መደበኛ ተማሪዎቹ በግቢው ውስጥ የሚያድሩ ቢሆኑም፥ መምህራኑ፥ የአስተዳደር ሠራተኞቹ፥ በማታና በቅዳሜ የሚማሩት፥ ለግንባታው የመጡት ባለሙያዎችና እነርሱን ተከትሎ የመጣው ነጋዴ ሁሉ ቤት ፈላጊ ሆኑ። ቀጥሎ የውስጥ ለውስጥ መንገዶች በኮብል ስቶን ተነጠፉ። ቀድሞ በክረምት ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጥ የነበረ መንገድ ባጃጅ የሚገባበት ሆነ። በመንገዱ ዳር ያለው ባለይዞታ ከጓሮው ያሉትን አራት የጭቃ ክፍሎች አፍርሶ በብሎኬት ሠራቸው፤ ወለሉን ሲሚንቶ ለሰነው፤ ኪራዩንም በዚያው ልክ ጨመረ። ከዋናው መንገድ ዳር ደግሞ ፕላኑ ባለ ፎቅ ሕንፃ እንዲሠራ ያዛል። ዐቅም ያለው ይሠራል፤ የሌለው ይሸጣል። በሁለቱም መንገድ አራቱ የጭቃ ክፍሎች ይጠፋሉ።

በእነዚያ ክፍሎች ይኖሩ የነበሩት እነማን ናቸው? የቀን ሠራተኛው፥ ጉልት ላይ ሽንኩርትና ጌሾ የምትሸጠው፥ ጠላ ጠማቂዋ፥ የጥበቃ ሠራተኛው፥ በትንሽ ደመወዝ የተቀጠረው ጀማሪ መምህር ናቸው። ከእነዚህም በላይ አንድ ሌላ ወገን አለ፤ የጎጃም ልጅ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። ከጎዛምን፥ ከሲናን፥ ከማቻክል፥ ከአነደድና ከባሶ ሊበን ቀበሌዎች ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ወደ ከተማ የሚመጣው የገበሬ ልጅ ነው። ሦስትና አራት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ፤ ወላጅ በገበያ ቀን ስንቅ ይዞ ይመጣል፤ ልጆቹም የሳምንት እንጀራቸውን አድርቀው እየበሉ ይማራሉ። የአንዲት ክፍል ኪራይ ከፍ ባለ ቁጥር ገበሬው ማስላት ይገደዳል፤ ሁለት ልጆች ማስተማር የነበረበት አንዱን ብቻ ይልካል። የምትቀረው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሴቷ ናት። እንግዲህ እኛ የመንገድ ሥራ ብለን የጀመርነው ጉዳይ፥ ሳናውቀው የትምህርት ጉዳይ ሆኖ አገኘነው ማለት ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን የደረሰው የሰላም መደፍረስ ችግሩን አባብሶታል። ከገጠር ወደ ከተማ የሚሸሸው ሰው ሲበዛ፥ የሲሚንቶና የብረት ዋጋ ሲንር፥ የሚሠራው ቤት ይቀንሳል፤ ፈላጊው ግን ይጨምራል።

የለቀቀው ተከራይ ወዴት ይሄዳል? ወደ ከተማው ዳርቻ ነው። በዚያ ኪራይ የሚረክሰው ቤቱ ብዙውን ጊዜ «የጨረቃ ቤት» የምንለው፥ ያለ ካርታ በእርሻ መሬት ላይ የተሠራ በመሆኑ ነው። የከተማው ወሰን ሲሰፋ ያም ቤት በሕገ ወጥነቱ ይፈርሳል፤ ያው ተከራይ ሁለተኛ ይፈናቀላል። በሁለቱም ጊዜ ስሙ በየትኛውም መዝገብ ላይ የለም። ከቤቱ ጋርም የሚያጣው ብዙ ነገር አለ። እንጀራ ሻጯ ደንበኞቿን ታጣለች፤ ለዓመታት ያዋጣችበት እድር ይርቃታል፤ ስትታመም ልጇን የምታስቀምጥላት ጎረቤት ትቀርባታለች። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚለው ብሂላችን ለድኃ ሰው የኑሮው ዋስትና ነው። ይህን ዋስትና ገምቶ ካሳ የሚከፍል ገማች እስካሁን አላየሁም።

በዚህ ላይ «ታዲያ ሰፈሩ አይታደስ ትላለህን?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ ዐውቃለሁ፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። እኔ የጭቃ ቤትን ድኅነት የማመሰግን ሰው አይደለሁም። በ2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በምትገኝ ከተማ፥ በነሐሴ ዝናብ በሚያፈስ ጣሪያ ሥር ማደር ምን እንደ ሆነ የቀመሰ ያውቀዋል። መጸዳጃ ቤቱ ለዐሥር ቤተሰብ አንድ በሆነበት፥ ፍሳሽ በየደጁ በሚተኛበት፥ እሳት ቢነሣ መኪና በማይገባበት ሰፈር ሰው እንዲኖር መተው ርኅራኄ አይባልም። ባለይዞታውንም ልወቅስ አልፈልግም። ባሏ የሞተባት፥ በሁለት ክፍል ኪራይ ልጆቿን የምታሳድግ ባለቤትም አለች፤ ኪራይ የምትጨምረው የጤፍ ዋጋ ስለ ጨመረባት ነው። የምለው ሌላ ነው። መታደሱ ለሰፈሩ ከሆነ ሰፈር ማለት መሬትና ግድግዳ ብቻ አይደለም፤ በውስጡ የሚኖረው ሰው ጭምር ነው። ሰውን አውጥተን የምናድሰው ሰፈር ታደሰ አይባልም፤ ተለወጠ እንጂ።

እንግዲህ በእኛ ሙያ ወሰን ውስጥ ምን ማድረግ ይቻላል? ሕግ የማውጣት ሥልጣን የለንም። በእጃችን ያለው እርሳስና ቅጽ ነው። እነዚህ ግን ከምናስበው በላይ ይሠራሉ። አምስት ነጥቦችን አቀርባለሁ።

አንደኛ፥ ቆጠራውን እናርም። ማናቸውም የመንገድ ማስፊያ ወይም የመልሶ ማልማት ጥናት ከባለይዞታው ጎን በግቢው የሚኖሩትን ተከራዮች ብዛት፥ የኖሩበትን ዘመን፥ የሚከፍሉትን ኪራይና የሥራ ቦታቸውን የሚያሳይ ዐምድ ይኑረው። ለዚህ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም፤ አንድ ተጨማሪ ገጽ ይበቃል። ያልተቈጠረ ሰው በጀት አይያዝለትም።

ሁለተኛ፥ የመንገዱን ስፋት በጥንቃቄ እንወስን። በ100 ሜትር ርዝመት መንገድ ላይ በየጎኑ 2 ሜትር ብንጨምር የምንወስደው መሬት 400 ካሬ ሜትር ነው። አንዲት የኪራይ ክፍል 3 ሜትር በ4 ሜትር፥ ማለት 12 ካሬ ሜትር ናት ብንል፥ ከተወሰደው መሬት ግማሹ ብቻ ቤት ቢሆን እንኳ 16 ክፍሎች ፈረሱ ማለት ነው። በዋና መንገድ ላይ ይህ የግድ ሊሆን ይችላል። በቀን ጥቂት ባጃጆች ብቻ በሚመላለሱበት የሰፈር መንገድ ላይ ግን ሁለቱ ሜትሮች የሚጨመሩት ለትራፊኩ ሳይሆን ለሥዕሉ ማማር ነው። ከዛሬ ጀምሮ የስፋት ውሳኔ ስንሰጥ የክፍሎቹን ቁጥር ከሜትሩ ጎን እንጻፍ።

ሦስተኛ፥ የማፍረሱንና የመሥራቱን ተራ እናስተካክል። ሰፈሩን ሁሉ በአንድ ጊዜ ከማንሣት ይልቅ በአንድ ባዶ ቦታ ላይ አስቀድሞ ጥቂት የኪራይ ክፍሎችን ሠርቶ፥ የመጀመሪያውን ግቢ ነዋሪዎች ወደዚያ አዛውሮ፥ በተለቀቀው ቦታ ላይ ደግሞ ለሚቀጥሉት መሥራት ይቻላል። ሥራው ይዘገያል፤ የሥራ መሪውም ይቸገራል። ነገር ግን ማንም ከሰፈሩ ሳይወጣ ሰፈሩ ይታደሳል።

አራተኛ፥ የርካሽ ቤትን ደረጃ አናዋርደው። ከኮንክሪትና ከብሎኬት በታች ያለውን ሁሉ «ጊዜያዊ» ብለን የምንመዘግበው ለምንድን ነው? የድንጋይ መሠረቱ ከመሬት ከፍ ያለ፥ የጣሪያው ክፈፍ ረዘም ያለ፥ ቋሚው ከእርጥበት የተጠበቀ፥ ጭቃው ከጭድ ጋር በሚገባ የተቦካ ቤት ረዥም ዕድሜ ይቆያል፤ ለደጋው ብርድም ከባዶ ብሎኬት የተሻለ ነው። በውስጥ መንገዶች ላይ እንደዚህ ያለ ቤት በፕላን እንዲፈቀድ ብናደርግ ባለይዞታው ሳይሸጥ፥ ተከራዩም ሳይለቅ ማደስ ይቻላል።

አምስተኛ፥ ቆጣሪውን እናስብ። በአንድ ግቢ አምስት ተከራዮች በአንድ የኤሌክትሪክ ቆጣሪ ይጠቀማሉ እንበል። እያንዳንዱ በወር 40 ኪሎዋት ሰዓት ቢጠቀም ለየብቻው በዝቅተኛው የታሪፍ እርከን ውስጥ ይወድቅ ነበር። ድምሩ ግን 200 ስለሚሆን ሒሳቡ ወደ ላይኛው እርከን ይወጣል። ለድኃ ተብሎ የተመደበው ድጎማ በዚህ መንገድ ለድኃው ሳይደርሰው ይቀራል። ለኪራይ ክፍሎች የተለየ ቆጣሪ ማስገባት የመሐንዲስ ሥራ ነው፤ ውጤቱ ግን እንደ ኪራይ ቅናሽ ይቈጠራል።

ስለ ሕጉም አንድ ቃል ልጨምር። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፥ የቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፥ ጭማሪም በዓመት አንድ ጊዜ ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው መሠረት ብቻ እንዲሆን ደንግጓል። መልካም ጅምር ነው። ነገር ግን ሕጉ የሚጠብቀው በጽሑፍ የተዋዋለውንና ውሉን ያስመዘገበውን ነው፤ በእኛ ከተሞች አብዛኛው የአንድ ክፍል ኪራይ የሚያዘው በቃል ነው። ከዚህም ሌላ ሕጉ ዋጋን እንጂ የቤት እጥረትን አያስቀርም፤ ቤቱ ራሱ በፈረሰ ጊዜም ውሉ ከቤቱ ጋር ይፈርሳል። ስለሆነም ሕጉ ያለ እኛ ሥራ፥ የእኛም ሥራ ያለ ሕጉ ምሉእ አይሆንም።

ክቡራን ሆይ፥

የጠቀስኋቸው እናት ዛሬ የት እንደሚኖሩ አላውቅም። መንገዱ ከተሠራ በኋላ በዚያ ሳልፍ ግቢው በብሎኬት ታጥሮ፥ በሩም ብረት ሆኖ አየሁት። መንገዱ በሚገባ የተሠራ ነው፤ በክረምትም ውኃ አይቋጥርም፤ ሥራዬ በመሆኑ አላፈርሁበትም። ነገር ግን ሥራው ሲጠናቀቅ የጻፍሁት ዘገባ የተነጠፈውን ድንጋይ በካሬ ሜትር፥ የተቀበረውን ቱቦ በሜትር፥ የተቈረጠውን ዛፍ በቁጥር ሲገልጽ፥ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ስንት ሰው እንደ ለቀቀ የሚናገር አንድ መስመር የለውም። ዘገባው ሐሰት የለበትም፤ ሆኖም ጎደሎ ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን የማቀርበው ጥያቄ ትንሽ ነው። አባሎቻችን ለሚያዘጋጁአቸው የከተማ ጥናቶች ሁሉ አርአያ የሚሆን፥ ተከራይን የሚቈጥር አንድ ቅጽ ማኅበሩ ያዘጋጅ፤ አባሎችም እንዲሠሩበት ይምከር። ቅጹ ብቻውን ቤት አይሠራም፤ ኪራይም አያወርድም። ነገር ግን ከእኛ አንዱ ነገ በሌላ ሰፈር ችካል ሲያስተክል አንዲት እናት መጥተው «እኔን የጻፋችሁኝ በየትኛው መዝገብ ነው?» ብለው ቢጠይቁት፥ መዝገቡን ገልጦ ስማቸውን ለማሳየት ይችላል። ከዚያ ወዲያ ያለው ክርክር ቢያንስ ከሚታወቅ ሰው ጋር የሚደረግ ክርክር ይሆናል።